ለዕለት ጽሕፈት የሚሆን ርካሽ ፋውንቴን ፔን፦ ለፊደላችን፣ ለደብተራችንና ለጣርማበር ዳገት የቱ ይሻላል?

በረሳ_ዳር
ሰላም ለቤቱ። ከእስክሪብቶ ወደ ፋውንቴን ፔን (ቀለም እየተሞላ በብረት ጫፍ የሚጻፍበት ብዕር) መሻገር አስቤያለሁ። በቀን 5 ወይም 6 ገጽ አማርኛ ይጻፍበታል፤ ግማሹ ተራ ደብተር ላይ፣ ግማሹ ፎቶ ኮፒ ወረቀት ላይ። ብዕሩ በየሳምንቱ ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ይመላለሳል። ዋጋው ላሚ ሳፋሪ ከሚባለው የጀርመን ብዕር እንዳይበልጥ፣ ካነሰ ደግሞ እሰየው። የቱን ልግዛ? ጫፉስ ምን ያህል ይቅጠን? ቀለም ባጣ ምን ልሙላበት?

ቀለም_ቀንድ
የብዕሩን ስም ለጊዜው ተወውና ከጫፉ እንነሳ። ኢንተርኔት ላይ የምታገኘው ምክር አብዛኛው ለላቲን ቅጥልጥል ጽሕፈት የተሰጠ ነው። እነሱ አንድ ቃል ሙሉ ብዕሩን ሳያነሱ ይጽፋሉ። የእኛ ፊደል አይቀጠልም። አንድ ገጽ 200 ቃል ቢይዝ፣ ቃሉ አራት አራት ፊደል ቢኖረው፣ እያንዳንዱ ፊደል ሁለት ጊዜ ቢያስነሳ፣ ብዕሩ በአንድ ገጽ ብቻ 1,600 ጊዜ ከወረቀት ተነስቶ ይመለሳል ማለት ነው። ስለዚህ ለአማርኛ ጸሐፊ ትልቁ የብዕር ጉድለት ሻካራነት ሳይሆን ሲያርፍ ወዲያው ቀለም አለመስጠት ነው። ትንሽ የሚከረክር ብዕር ይለመዳል። የእያንዳንዱን ፊደል ጅማሬ የሚውጥ ብዕር ግን ሁለት ቀን አትታገሰውም።

ሁለተኛው ነገር የኃምሱ ቀለበት ነው። ደብተር ላይ መስመሩ 8 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ፊደሉ 4 ሚሊሜትር ቢቆም የ«ኔ» ቀለበት 1 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ጫፉ 0.7 የሚጽፍ ከሆነ፣ ወረቀቱም ቀለም የሚመጥ ከሆነ፣ ቀለበቱ ይደፈንና «ኔ» «ኒ»ን ትመስላለች፣ «ቤቴ» ተብሎ የተጻፈው «ቢቲ» ይነበባል። ስለዚህ ቀጭን ያዝ። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብህ የጃፓንና የጀርመን ልክ አለመመሳሰሉ ነው። የጃፓን ኤፍ (ቀጭን ማለት ነው) ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ይጽፋል፤ የጀርመን ኤፍ ግን 0.5 እና 0.6 ይደርሳል። ከጃፓን ከሆነ ኤፍ፣ ከጀርመን ከሆነ ኢኤፍ (እጅግ ቀጭን) ውሰድ።

በዚህ ሚዛን ከርካሾቹ የሚተርፉት የጃፓኖቹ ፕላቲነም ፕሬፒ 03 (ጫፉ 0.3 ሚሊሜትር የሆነው)፣ ፓይለት ካኩኖ ኤፍ እና ፓይለት ሜትሮፖሊታን ኤፍ ናቸው። የካኩኖና የሜትሮፖሊታን ጫፍ አንድ ነው፤ ከአንዱ ነቅለህ ለሌላው ትሰካዋለህ። ካኩኖ በ2013 ለልጆች ተብሎ ስለወጣ ጫፉ ላይ ፈገግ ያለ ፊት ተስሏል፤ ስብሰባ ላይ ያ ካላሳፈረህ የምትከፍለው ከሜትሮፖሊታን ግማሽ ያህል ነው። ሜትሮፖሊታን የነሐስ አካል አለው፣ ወደ 26 ግራም ይመዝናል። ካኩኖ ግን ሁለመናው ፕላስቲክ ነው።

መቃ_ብዕር
በቀለበቱ ነገር እስማማለሁ፤ ግን ቀጭን ብቻ ነው የሚያዋጣው ብለህ አትዝጋው። ብራና ላይ የተጻፈ ቁም ጽሕፈት እዩ፤ ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ነው። መቃው ጫፉ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለሚቆረጥ ነው እንዲያ የሚወጣው። ጫፉ ሹል ክብ የሆነ ብዕር ይህን አይሰጥም። ፓይለትም ላሚም 1.0 እና 1.1 ሚሊሜትር ጠፍጣፋ ጫፍ ይሠራሉ፤ ለደብዳቤ፣ ለርዕስ፣ ለምስክር ወረቀት ያምራል።

ቀለም_ቀንድ
ለርዕስ ልክ ነህ። ለ8 ሚሊሜትር መስመር ግን አይሆንም። በ1.1 ጫፍ የተጻፈ ፊደል ቢያንስ 7 ሚሊሜትር ካልቆመ ውስጡ ይዘጋል። ሰውየው በቀን 6 ገጽ ነው ያለው።

የጣርማበር_ጉም
ጫፉን ጨርሳችኋል፤ መንገዱን ግን ማንም አላነሳውም። ጠያቂው የሚመላለስበት መንገድ ለፋውንቴን ፔን እጅግ ክፉ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ በደብረ ሲና አድርጎ የጣርማበር ዋሻ ሲደረስ ከ3,000 ሜትር ይታለፋል። ከታች ብዕሩ ውስጥ የተዘጋው አየር፣ ዳገቱ አናት ስትደርስ፣ በሩብ ያህል ያብጣል። ማለፊያው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ጫፉ ነው፤ ጫፉ ጋ ደግሞ ቀለሙ አለ። አየሩ ቀለሙን ገፍቶ ክዳኑ ውስጥ ያፈሰዋል፣ ክዳኑን ስትከፍት ጣትህ ይነከራል። ሰው ይህን ሲያይ «ብዕሩ ያፈሳል፣ ጥራት የለውም» ይላል። ጥፋቱ የብዕሩ አይደለም።

ሒሳቡን ልንገራችሁ። ግማሹ ባዶ የሆነ ትንሽ ኮንቨርተር (ከጠርሙስ ቀለም የሚስብ፣ ብዕሩ ውስጥ የሚሰካ ቱቦ) ውስጥ ያለው አየር 0.2 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ በሩብ ሲያብጥ 0.05 ይጨምራል፤ አንድ ጠብታ ማለት ነው። ከጫፉ ሥር ያለችው ጥቁር ጥርስ ጥርስ ያላት ፕላስቲክ (ፊድ የምንላት) አንዷን ጠብታ በጥርሶቿ መካከል ታቆራታለች፣ ምንም አይፈስም። አሁን ቀፎውን በሙሉ ቀለም ሞልተው የሚጠቀሙትን ዘዴ ውሰዱ፤ ፕሬፒን በኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) እና በሲሊኮን ግሪስ አሽገው በጠብታ የሚሞሉት ማለቴ ነው። ቀፎው 3 ሚሊ ሊትር ቢይዝና ግማሹ ቢጎድል 1.5 አየር አለ። እሱ ሲያብጥ 0.38 ይጨምራል፤ ሰባት ስምንት ጠብታ። ይህን የምትችል ፊድ የለችም። ኢንተርኔት ላይ «ቀለም ለወር የሚበቃ» እየተባለ የሚወደሰው ይህ አሞላል ለዚህ መንገድ አይሆንም። ለዳገት ትንሽ ኮንቨርተር ነው የሚሻለው።

በጉዞ ላይ ጫፉን ወደ ላይ አድርገህ በደረት ኪስ አቁመው። እንዲህ ሲሆን ከጫፉ ጋር የሚገናኘው አየሩ ስለሆነ ቀለሙን ሳይገፋ ይወጣል። ወይ ጥርቅም አድርገህ ሞልተህ ውጣ፣ ወይ ባዶውን ይዘህ ውጣ፤ ግማሹ ነው የሚያዋርድ። ደብረ ብርሃን ስትደርስም ጫፉን እንደቆመ ክፈተው፣ ሶፍት አስነካው፣ ከዚያ ጻፍ። ቁልቁል ስትወርድ አየሩ ስለሚጨማተት አይፈስም። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ያለው ልዩነት 5 በመቶ ገደማ ነው፣ አትጨነቅበት። ከአባይ በረሃ ወደ ጎሐ ጽዮን የምትወጡ የሰላሌ ሰዎች ግን ይኸው ሕግ ይመለከታችኋል።

ሌላው የደጋው ብርድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲወርድ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ብዕር 5 ዲግሪ ቢሆን፣ በእጅህ ሙቀት 30 ሲደርስ አየሩ 9 በመቶ ያብጣል። ጠዋት የመጀመሪያው መስመር ላይ ድንገት ጠብ የሚለው ለዚህ ነው። ከመጻፍህ በፊት ጫፉን ወደ ላይ አድርገህ ሁለት ደቂቃ ጨብጠው።

የአንኮበሯ
ይህ የዳገቱ ነገር ለአውሮፕላን እንጂ ለአውቶቡስ ይጻፋል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ሒሳቡ ግን ልክ ነው። አንድ ልጨምር፦ በጋ ላይ የደጋው አየር ደረቅ ነው፤ ክዳኑ በደንብ የማይዘጋ ብዕር አድሮ ጫፉ ይደርቃል። በዚህ ፕሬፒን የሚያህል ርካሽ ብዕር የለም። ክዳኑ ውስጥ በስፕሪንግ የሚገፋ ሌላ ትንሽ ክዳን አለ፣ ጫፉን አፍኖ ይይዘዋል፤ አምራቹ ዓመት ቢቀመጥ አይደርቅም ይላል። ድክመቱ ፕላስቲኩ ነው፣ የክዳኑ ከንፈርና የመያዣው አንገት ይሰነጠቃል። ያው ጫፍ በአሉሚኒየም አካል ሲመጣ ፕሌዚር ይባላል፤ ትንሽ ጨምረሽ ወይ ጨምረህ እሱን መውሰድ ነው።

ብረት_ጫፍ
ቻይናዎቹን ዘለላችኋቸው። ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው እኮ እነሱ ናቸው።

ሂሮ 616፦ ፓርከር በ1941 ያወጣውን 51 የተባለ ብዕር መልክ የያዘ ነው። ጫፉ በፕላስቲክ ስለተሸፈነ ቶሎ አይደርቅም፣ ይህ ለደጋ ጥሩ ነው። የሚሞላው ውስጡ ያለችውን ብረት በመጫን ነው፦ ጫፉን ቀለም ውስጥ ነክረህ አራት አምስት ጊዜ ጫን ልቀቅ፣ በየመካከሉ ሦስት ሰከንድ ጠብቅ። ሰው የሚሳሳተው ፈጥኖ ሲጫን ነው፤ ጎማው ሳይነፋ እንደገና ይጫነዋል፣ ከዚያ «ቀለም አይስብም» ይላል። ችግሩ ተመሳስሎ የተሠራው ብዙ መሆኑና ለማጠብ አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

ጂንሃው ኤክስ 450 እና 750፦ ከባድ ናቸው፣ ጫፋቸው መካከለኛና ርጥብ ነው። ለፊርማ ጥሩ፣ ለደብተር ቀለበት ደፋኝ። ክዳናቸውም ብዙ ጊዜ አየር ያስገባል። ጂንሃው 599 ላሚ ሳፋሪን ይመስላል፣ ቀላል ነው፤ ከጂንሃው ለዕለት ጽሕፈት ከመረጣችሁ እሱን ወይም ጫፉ ኢኤፍ የሆነውን ፈልጉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የቻይናዎቹ የቀሰም (ቀለም ተሞልቶ የሚሸጥ፣ ብዕሩ ውስጥ የሚሰካ ቱቦ) አፍ ሁለት ዓይነት ነው፣ 2.6 እና 3.4 ሚሊሜትር። ኮንቨርተሩን ለብቻው አትግዙ፤ ብዕሩ ላይ ተሰክቶ እዩት። ፓይለት የፓይለትን ብቻ፣ ላሚ የላሚን ብቻ፣ ፓርከርም የራሱን ብቻ ነው የሚቀበለው። ፕላቲነም ለዓለም አቀፉ ቀሰም የሚሆን አስማሚ ይሠራል፣ ግን እሱን ማግኘት ሌላ ሥራ ነው።

በረሳ_ዳር
እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ቀለሙ ግን ገና ነኝ። የማኅተም ቀለም፣ የፕሪንተር ቀለም፣ አለዚያም የቆሎ ተማሪ የሚበጠብጠው ጥቁር ቀለም አይሆንም?

የአንኮበሯ
ሦስቱም አይሆኑም። ምክንያታቸው ግን ይለያያል።

የማኅተም ቀለም ቶሎ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን አለበት። ወረቀት ላይ አይደርቅም፣ ቀለም በሚወርድበት የጫፉ ስንጥቅ ውስጥ ይወፍራል። የፕሪንተር ቀለም ለሌላ ማሽን የተመጠነ ነው፤ ወይ ዝም ብሎ ይፈስሳል፣ ወይ ፊዱ ውስጥ ይጋገራል።

የአገራችን ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸትና ሙጫ ነው። ለመቃ ብዕር ተወዳዳሪ የለውም፣ ብራና ላይ ዘመናት ይሻገራል። ጥላሸቱ ግን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ተንሳፍፎ ነው ያለው፤ ሙጫው ሲደርቅ ደግሞ ከጥላሸቱ ጋር ድንጋይ ይሆናል። የፋውንቴን ፔን ቀለም መተላለፊያ የፀጉር ያህል ጠባብ ነው። አንድ ጊዜ ከደፈነው በውሃ አይለቅም። የሥዕል ጥቁር ቀለም (ኢንዲያን ኢንክ የሚባለው) ያው ነው፤ ያን ደግሞ ሼላክ የሚባል ሙጫ ይይዘዋል።

ጠርሙሱ ላይ ለፋውንቴን ፔን ተብሎ የተጻፈበትን ብቻ ሙላ። ፓርከር ኩዊንክና ፔሊካን 4001 ለብዕሩ ገር ናቸው፣ ሲታጠቡም ይለቃሉ። ፔሊካን ደረቅ የሚባል ቀለም ነው፤ ማለትም በልክ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ ደብተር ላይ ቶሎ አይዘረጋም። ለሰነድ ከሆነ ግን ሮያል ብሉን ራቅ፤ በውሃ ይጠፋል፣ በፀሐይም ይደበዝዛል። የፕላቲነምና የፔሊካን ብሉ ብላክ ብረት ያለበት ቀለም ነው፣ ወረቀት ላይ ሲቆይ ይጠቁራል፣ ውሃም ይችላል። ዋጋው በየወሩ መታጠብ ነው።

ስለ መጠኑ፦ የፓይለት ኮን 40 ኮንቨርተር 0.4 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። 50 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከ100 ጊዜ በላይ ይሞላልሃል። ስለዚህ ቀሰም በደርዘን ከመግዛት አንድ ጠርሙስ አስመጥቶ መቀመጥ ይሻላል።

አዲስ_ገቢ
ኮንቨርተር ካልተገኘስ? ካኩኖ ከነቀሰሙ ብቻ ነው የሚመጣው ይባላል።

ቀለም_ቀንድ
ያለቀውን ቀሰም አትጣለው። ከፋርማሲ 2 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግዛ፣ የመርፌውን ሹል በድንጋይ ፍቀህ አደንዝዘው። ቀሰሙን በውሃ እጠብ፣ አራግፈው፣ አድርቀው። መርፌውን እስከ ታች አስገብተህ ቀስ እያልክ ሙላ፤ ከላይ ከጀመርክ የአየር አረፋ ይዘጋዋል። የፓይለት ቀሰም 0.9 ሚሊ ሊትር ይይዛል፣ ከኮን 40 እጥፍ በላይ። አፉ ላልቶ ሲሰካ «ጭቅ» ማለቱን ካቆመ ግን ጊዜው አልፏል፣ ጣለው።

አዲስ_ገቢ
ሌላም አለኝ። አዲስ ብዕር ሆኖ ቀለም ሞልቶ እያለ ፊደል ሲጀመር ይዘላል፤ ተጭኖ ሲጻፍ ይሰጣል። ምንድን ነው?

ብረት_ጫፍ
አራት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ከቀላሉ ጀምር።

አንደኛ ዘይት። ከፋብሪካ ሲወጣ ፊዱ ላይ የማሽን ቅባት ይቀራል፣ ቀለሙም ከቅባቱ ይሸሻል። በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጨምር፣ በኮንቨርተሩ አሥር ጊዜ ሳብ ግፋ፣ ከዚያ ሳሙናው እስኪለቅ በንጹህ ውሃ ድገም። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል። አልኮል ይሰነጥቀዋል። በረኪና ብረቱን ይበላዋል። ከግማሽ በላይ የሚሆነው «የተበላሸ» አዲስ ብዕር እዚህ ላይ ይድናል።

ሁለተኛ ኮንቨርተሩ። ቀለሙ ከጀርባ ተጣብቆ ቀርቶ ወደ ጫፉ ሳይወርድ አየር መካከል ይቆማል። ቀፎውን በጣትህ ጠረቅ ጠረቅ አድርገው። ከወረደ ምክንያቱ እሱ ነው።

ሦስተኛ የጫፉ ሁለት ግማሾች አለመተካከል። በአጉሊ መነጽር ከፊት እየው፤ አንዱ ከፍ ካለ እሱን በጥፍርህ በጣም ለስለስ አድርገህ ወደ ታች ግፋ፣ እየው፣ ድገም። በጉልበት አይሆንም፤ አንዴ ከተጣመመ አይመለስም።

አራተኛው አስቸጋሪው ነው። ጫፉ ከልክ በላይ ተወልውሎ የስንጥቁ ሁለት ከንፈሮች ወደ ውስጥ ክብ ሆነዋል። ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ አለ፣ ወረቀቱን ግን አይነካም፤ ስትጫን ብቻ ይነካል። የጠየቅኸው ምልክት ይህን ይመስላል። መድኃኒቱ 12,000 ቁጥር ማይክሮሜሽ (እጅግ ለስላሳ መወልወያ ወረቀት) ላይ፣ ብዕሩ ቀለም እንደያዘ፣ ያለ ጭነት ስምንት ቁጥርን አምስት ጊዜ መጻፍ ነው። ፈትሽ፤ ካልተስተካከለ አምስት ጨምር። ከ20 በላይ አትሂድ። በዚህ ፈንታ ሻካራውን የግንበኛ ብርጭቆ ወረቀት የሚያነሳ አለና እባካችሁ ተዉ።

የጣርማበር_ጉም
አምስተኛ ልጨምርበት፤ አያያዝ። እስክሪብቶ የለመደ እጅ ብዕሩን ወደ 70 ዲግሪ አቁሞ ይጫናል። ፋውንቴን ፔን 45 እና 55 መካከል ተኝቶ ነው የሚሠራው፣ ክብደቱ ይበቃዋል። ተጭነው ሲጽፉበት ሁለቱ ግማሾች ይከፈታሉ፤ ለጊዜው ቀለም ይበዛል፣ ሰንብቶ ስንጥቁ ተከፍቶ ይቀራል፣ ከዚያ ጭራሽ ይደርቃል። ጣቱ ቦታ ላልያዘለት ሰው የላሚ ሳፋሪ ሦስት ማዕዘን መያዣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ከ1980 ጀምሮ የተሠራው ለተማሪ እጅ ነው። ጣቱ ሌላ አቀማመጥ ለለመደ ግን ያው መያዣ እስር ቤት ነው። ካልሞከሩት አይገዛም።

መቃ_ብዕር
ሱቅ ላይ ቀለም ካልተፈቀደ ምን ይፈተሻል?

ብረት_ጫፍ
ውሃ አይከለክሉህም። ጫፉን ቀዳዳዋ እስክትሰጥም ውሃ ውስጥ ንከረው፣ ወረቀት ላይ «ኔ ቤ ሜ» እያልክ አሥር ጊዜ ጻፍ፣ በየፊደሉ አንሳ። እርጥቡ መስመር ሳይቆራረጥ ከጀመረ ጫፉ ደህና ነው። ክዳኑን ነቅለህ በአፉ በኩል ንፋበት፤ አየር በቀላሉ ካለፈ ያ ብዕር አድሮ ይደርቃል። ስሙ ላሚ ወይም ፓርከር መሆኑን አትመልከት፤ ሁለቱም ተመሳስለው ይሠራሉ።

የአንኮበሯ
አንዳንድ ክዳን ልጅ ቢውጠው እንዳይታፈን ሆን ተብሎ ቀዳዳ ይኖረዋል፤ ካኩኖ ላይ አለ። ስለዚህ በመንፋት ብቻ አይፈረድም፤ ውስጠኛውን ክዳን እዩ።

ብረት_ጫፍ
ልክ ነሽ፣ ታረምኩ።

በረሳ_ዳር
ስለዚህ ፕሌዚር 03 ከነኮንቨርተሩ፣ ቀለሙ ፔሊካን ብሉ ብላክ። ትርፍ አንድ ካኩኖ ኤፍ ለቤት። ደብተሩ ላይ ክረምት ክረምት ቀለሙ እንደ ሥር ቢዘረጋስ?

ቀለም_ቀንድ
ክረምት ላይ ወረቀቱ እርጥበት ስለሚጠጣ ይብሳል። ደብተሩን በፌስታል ጠቅልለህ ከግድግዳው አርቀው፤ ስትጽፍም ከእጅህ ሥር ሌላ ወረቀት አንጥፍ፣ የእጅ ላብ ቅባትም ይቆጠራል። ከዚያ በኋላም ከተዘረጋ በገጹ አንድ ጎን ብቻ ጻፍ፣ አለዚያ ለደብተሩ እስክሪብቶውን አቆየው፣ ብዕሩን ለፎቶ ኮፒው ወረቀት። ባለ 80 ግራሙ ደህና ይይዛል። ብሉ ብላኩንም በየወሩ ማጠብህን አትርሳ፤ ውሃው ከሰማያዊ ወደ ጥርት ያለ እስኪመለስ።